ማዘጋጃ ቤቱ «አይፈቀድም» ካለ በኋላ

የግንባታ ፈቃድ ወይም የአገልግሎት ለውጥ ጠይቆ «አይፈቀድም» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ሰው ይፈልጋል። የኃላፊው የአገር ልጅ፣ አብሮት የተማረ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ የጸሐፊዋ ዘመድ። ይህ አልሳካ ሲል አቤቱታ ጸሐፊ ዘንድ ይሄድና «እኔ አመልካች የስድስት ልጆች አባት ስሆን» ብሎ የሚጀምር ሦስት ገጽ አስጽፎ ይመጣል። ጽሑፉ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ባንክ ዕዳው፣ ባለሙያው ስላሳየው ንቀት ብዙ ይላል። ጥያቄው ውድቅ ስለተደረገበት ምክንያት ግን አንድ መስመር አይገኝበትም። ቅሬታውን የሚያየው ሰው አዝኖ ያነበዋል፤ አዝኖም ይዘጋዋል። ምን ሊያደርግ ይችላል?

በእኔ እምነት ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የዚህ ዓይነት ይግባኝ በብዛት የሚወድቀው፣ አመልካቹ የገጠመው «አይሆንም» የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ስለሚነሣ ነው። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው ባለሙያው ቦታውን ወይም ፕላኑን ሲያነብ የተሳሳተበት ነው፤ የመረጃ ስሕተት ስለሆነ የሚታረመው በመረጃ ነው። ሁለተኛው ፕላኑ በሩን ሳይዘጋ ለኃላፊው ሚዛን የተወው ነው፤ እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሥጋቱን የሚያነሣ ሐሳብ ይዞ መቅረብ ነው። ሦስተኛው ፕላኑ ራሱ የማይፈቅደው ነው። ለዚህኛው ይግባኝ አይሠራለትም፤ ፕላን የሚሻሻልበት ሌላ መንገድ ነው ያለው። ሦስቱን ቀላቅሎ የሚጮህ ሰው ውኃ ሲወቅጥ ይከርማል።

የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ከደብዳቤው ነው። በቃል «አይሆንም» የተባለ ሰው ገና ውሳኔ አላገኘም፤ ይግባኝ የሚልበት ነገር የለውም ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ካርታችሁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ይሄ አረንጓዴ ላይ ነው፣ አይሆንም» ያለውን ወጣት ባለሙያ መቆጣት አያስፈልግም። «እሺ ወንድሜ፣ ይኸንኑ በጽሑፍ ስጠኝ» ይበቃል። ካልሰጠ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፦ በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር ያቀረብነው ጥያቄ ተቀባይነት እንደሌለው በቃል ስለተነገረን፣ ውሳኔው ከነምክንያቱና ከሚመለከተው የሕግ ወይም የፕላን ድንጋጌ ጋር በጽሑፍ እንዲሰጠን። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ኃላፊ፣ የቀረበለትን ፕላን ሲጥል ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ የምትለምኑት ውለታ አይደለም፤ የሥራው አንድ ክፍል ነው።

መዝገብ ቤት ሲገባ ሁለት ቅጂ ነው የሚያዘው። አንዱ ይቀራል፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረጋል። ቁጥሩን በእርሳስ ጫር አድርገው ቢሰጧችሁ ማኅተሙን ደግማችሁ ጠይቁ። ፋይል መጥፋቱ፣ ባለሙያ መቀየሩ፣ ኃላፊ መነሣቱ ያለ ነገር ነው፤ ያኔ ቀድሞ ማመልከታችሁን የሚመሰክርላችሁ ያ ማኅተም ብቻ ነው። አባሪዎቹንም በማመልከቻው ግርጌ ስማቸውንና የገጽ ብዛታቸውን ጻፉ፤ «የካርታ ቅጂ 1 ገጽ፣ የቅየሳ ሪፖርት 4 ገጽ» ብላችሁ። «ከዚህ ጋር አያይዣለሁ» ብቻ ከተባለ፣ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ገጽ ሲጎድል ማን እንዳጎደለው የሚያውቅ አይኖርም።

የውድቅ ደብዳቤው ሲመጣ ዓይን ቶሎ የሚሮጠው «ተቀባይነት የሌለው መሆኑን እንገልጻለን» ወደሚለው መስመር ነው። ይልቅ ሌሎቹን ተመልከቱ። የተጻፈበት ቀንና እጃችሁ የገባበት ቀን ሊራራቅ ይችላል፤ የይግባኝ ጊዜ ሲቆጠር ክርክር እንዳይነሣ ፈርማችሁ ስትወስዱ የተቀበላችሁበትን ቀን ከፊርማችሁ ጎን ጻፉ። ቀጥሎ ማን ነው የፈረመው? ባለሙያ፣ ቡድን መሪ፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወይስ ከንቲባው? ይግባኙ የሚሄደው ከፈራሚው በላይ ወዳለው ነው፤ ራሱ ከንቲባው የፈረመበትን ደብዳቤ ለራሱ ለከንቲባው ይግባኝ ብሎ ማቅረብ ጊዜ መፍጀት ነው። ቀጥሎ ምክንያቱ። «ከከተማው ፕላን ጋር ስለማይጣጣም» የሚል ደብዳቤ ምክንያት የሰጠ ይመስላል እንጂ አልሰጠም። የትኛው ፕላን? የመላ ከተማው መዋቅራዊ ፕላን ነው ወይስ የአንድ ሠፈር የአካባቢ ልማት ፕላን? በስንት ዓመተ ምሕረት የጸደቀው? በየትኛው የፕላኑ ቅጠል (ገጽ) ላይ ቦታው ምን ተብሎ ተመድቧል? ይህን ሁሉ ሳይመልሱ የሚጻፍ ይግባኝ በጨለማ የሚወረወር ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይግባኝ ሳይሆን የማብራሪያ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የክልልና የከተማ መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በጽሑፍ ይቀርባል፤ መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። የምትጠይቁትን ግን በስም ጥሩ፦ ቦታችሁን የሚመለከተው የፕላን ክፍል ቅጂ ከነመግለጫ ሠንጠረዡ፣ ፕላኑ የጸደቀበት ውሳኔ፣ የእናንተ ጉዳይ በቴክኒክ ኮሚቴ ታይቶ ከሆነ ቃለ ጉባኤው። «መረጃ ይሰጠኝ» የሚል ጥያቄ የሚያገኘው መልስም እንደራሱ የተድበሰበሰ ነው። በጎን ደግሞ የይግባኝ ጊዜው እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፤ መረጃው እስኪመጣ አጭር ይግባኝ አስገብታችሁ «ዝርዝሩን መረጃው እንደደረሰን እናሟላለን» ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዓይነት፣ ወደ ስሕተቱ። በጣም የሚያስገርመውም በጣም የሚረታውም ይኼ ነው። ባለሙያው ቦታችሁን በፕላን ላይ የሚያገኘው ካርታችሁ ላይ ባሉት ኮኦርዲኔቶች ነው፤ ለእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ባለ ስድስት አኃዝና አንድ ባለ ሰባት አኃዝ ቁጥር። ባለ ሰባቱ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት በሜትር የሚናገር ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 1,14 ብሎ ይጀምራል፣ ባሕር ዳር ላይ 1,28 አካባቢ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ከተጻፉ ወይም አንድ አኃዝ ከተዛነፈ ይህን በዓይን መያዝ ይቻላል። በዓይን የማይያዘው የመነሻ ሥርዓቱ ልዩነት ነው። የቆዩ ካርታዎችና የቆዩ ፕላኖች አዲንዳን በሚባለው የአገሪቱ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ የእጅ ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል ደግሞ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 ላይ ናቸው። አንዱ ወደ ሌላው ሳይቀየር ቢደራረቡ፣ በእኛ አካባቢ ቦታው ወደ 200 ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ፣ 90 ሜትር ገደማ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ይሸሻል። 200 ሜትር በከተማ ውስጥ ሁለት ሦስት ብሎክ ነው። ንግድ መንገድ ዳር ያለው ቤታችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ወንዝ ዳር ካለው አረንጓዴ ሥፍራ ውስጥ ተቀምጦ ሊታይ ይችላል። ባለሙያው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የጻፈው።

ይህን ለማረጋገጥ በስልክ ጂፒኤስ መሞከር ከንቱ ነው፤ የስልክ ልኬት ሜዳ ላይም ቢሆን በሜትሮች ይስታል፣ ግንብ ሥር ሲሆን ይብሳል። ፈቃድ ያለው ቀያሽ ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ ወይም በትክክለኛው የቅየሳ ጂፒኤስ ማዕዘኖቹን ይለካ፤ ሪፖርቱ ላይ የተጠቀመበት ሥርዓት፣ የተነሣበት የመቆጣጠሪያ ነጥብና የልኬቱ ቀን ይጻፍ። ከዚያ ይግባኙ አንድ አንቀጽ ነው የሚሆነው፦ በውሳኔው ላይ ቦታው አረንጓዴ ክልል ውስጥ እንደሆነ ተገልጿል፤ በተያያዘው የቅየሳ ሪፖርት መሠረት የቦታው ማዕዘኖች በዚህ ሥርዓት እነዚህ ናቸው፤ በፕላኑ ቅጠል ላይ ሲቀመጡ ቦታው የሚያርፈው በቅይጥ አገልግሎት ክልል ነው፤ ስለዚህ የከተማው ባለሙያ ባለበት የመስክ ልኬት ተደርጎ ውሳኔው እንዲታረም። የመጨረሻው ሐረግ ዋና ነው። «የእኔ ቀያሽ ትክክል፣ የእናንተ ስሕተት» ማለት ግትርነትን ይጋብዛል፤ አብረን እንለካ የሚል ጥያቄ ግን እምቢ ለማለት ያስቸግራል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ከፊሉን እንደ ሙሉ መውሰድ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሜትር የሆነ 250 ካሬ ቦታ ያለው ሰው እንበል። ከፊቱ ያለው መንገድ አሁን 15 ሜትር ነው፤ ፕላኑ ላይ 20 ነው። ደብዳቤው «ቦታው የመንገድ ክልል ውስጥ ስለሚገኝ» ይላል። እውነት ነው፤ ግን ምን ያህሉ? ማስፋፊያው ከሁለቱም ወገን እኩል ከሆነ ከዚህ ቦታ የሚነካው 2.5 ሜትር ነው፤ በ10 ሜትር ፊት 25 ካሬ። ቀሪው 225 ካሬ ነፃ ነው። ግን ቸኩላችሁ ይህን አትጻፉ። መንገዱ በፕላኑ ላይ ያለው መሐል መስመር ዛሬ ካለው አስፋልት መሐል ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ 5 ሜትሩ በሙሉ ወደ እናንተ ወገን ከሆነ የሚነካው 50 ካሬ ነው፣ የሚሠራውም ዲዛይን ሌላ ነው። መሐል መስመሩን ከፕላኑ አስወጥታችሁ መሬት ላይ አስመቱ።

ከዚያ በኋላ ይግባኙ ላይ ሁለት ጥያቄ ይቀመጣል። ዋናው፦ የሕንፃ መስመሩ ከአዲሱ የመንገድ ጠርዝ ተነሥቶ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ርቀት ተጠብቆ፣ በቀሪው ቦታ ላይ ፈቃድ እንዲሰጥ። አማራጩ፦ ይህ የማይቻል ከሆነ ቀሪው ቦታ ብቻውን ለግንባታ የማይበቃበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽ። አማራጭ ጥያቄ የሌለው ይግባኝ «አልተቀበልነውም» በሚል አንድ ቃል ይዘጋል። አንድ ነገር ግን አስምሩበት፤ ፈቃዱን ለማግኘት ከመጓጓት የተነሣ «ለመንገዱ የሚፈለገውን ያለ ካሳ እለቃለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ የራሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፣ ካሳውም የሚታየው በዚያ ነው። እንዲያውም ደብዳቤው የሚለው «ቦታው ለልማት ተፈልጓል» ከሆነ ጉዳያችሁ ከመነሻው የፈቃድ ይግባኝ አይደለም፤ የማስለቀቂያ ትእዛዝ ሲደርሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ የሚቀርብ ቅሬታ ነው። በተሳሳተው መንገድ ስትመላለሱ ያ ቀን ይሄዳል።

ካርታው ላይ 250 ካሬ ተብሎ መሬት ላይ 243 የሚወጣ ቦታም ብዙ ነው፤ አጥር ገፍቷል፣ ወይ ድሮ በሜትር ገመድ ተለክቷል። ይህን ካርታ ማስተካከያ ጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ጨርሱ። የአጥር ጉዳይ ከጎረቤት ጋር ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ እዚህ ነው የሚጠራው። ሽማግሌ ማዘጋጃ ቤት ልኮ ፕላን ለማስቀየር መሞከር ሽማግሌዎቹንም ኃላፊውንም ማሳፈር ነው፤ ወሰን ላይ ግን አባቶች በአንድ ከሰዓት የሚጨርሱት ነገር ፍርድ ቤት ዓመት ይወስዳል። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፣ ንድፍ አያይዙበት።

ሁለተኛው ዓይነት ላይ፣ ኃላፊው ሊፈቅድም ሊከለክልም በሚችልበት ጉዳይ፣ ጥሩ ምሳሌ የእህል ወፍጮ ነው። ቡሬ ወይም ደምበጫ ውስጥ መኖሪያ ሠፈር ያለ ቤቱን ወፍጮ ቤት ለማድረግ የጠየቀ ሰው «አካባቢው መኖሪያ ስለሆነ» ተብሎ ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚመልሰው «ከማዶ ያለው ለምን ተፈቀደለት?» ብሎ ነው። ይህ ክርክር ሲሰሙት ያረካል፤ ግን ውጤቱ ብዙውን ጊዜ የማዶውም መዘጋት ነው፣ ከዚያ በኋላ በሠፈሩ ውስጥ በሰላም መኖሩም ይከብዳል። ከማዶው ጋር የምትወዳደሩ ከሆነ የእሱ ፈቃድ የተሰጠበት ቀንና ሁኔታ ከእናንተው ጋር አንድ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ይሁን።

ይልቅ ከልካዩ የፈራውን ነገር ለዩ። ወፍጮ ላይ የሚፈራው ድምፅ፣ ንዝረት፣ ብናኝና መኪና ነው። ንዝረቱ የሚተላለፈው ማሽኑ ከቤቱ ወለልና ግድግዳ ጋር ስለሚያያዝ ነው፤ ከቤቱ ወለል የተለየ የራሱ የኮንክሪት መሠረት ላይ ከነጎማው ቢቀመጥ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህን በንድፉ ላይ አሳዩ። ሞተሩ በናፍጣ ነው ወይስ በሦስት ፌዝ መብራት? ግለጹ፤ በጭስና በድምፅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የብናኝ ማስወጫው አፍ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይዞር፣ ከረጢት ወይም ማጣሪያ እንዲኖረው። ጤፍና በቆሎ የሚያመጣው አይሱዙ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ ግቢ ውስጥ ገብቶ የሚያራግፍበት ቦታ ከሌለ መንገድ ዘግቶ ነው የሚቆመው፣ ለጎረቤት ተቃውሞ ትልቁ ምክንያትም ከድምፁ ይልቅ ይህ ነው። ቦታው ካለ ሳይት ፕላኑ ላይ መኪናውን በልኩ ሥላችሁ አስቀምጡት።

የሥራ ሰዓት ላይ ግን ቃል ስትገቡ ተጠንቀቁ። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ቀን መብራት ሲጠፋ የሚውልበት ከተማ ውስጥ ያለ ወፍጮ ግን መብራቱ በመጣ ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓትም ቢሆን፣ ይፈጫል፤ ደንበኛው በር ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነውና። በፈቃዱ ላይ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ የገባ ሰዓት ሲጣስ ፈቃዱን ለማንሣት ሕጋዊ መሠረት ይሆናል። የማትጠብቁትን ሰዓት ከማስመዝገብ፣ ግድግዳውን ማወፈርና በጎረቤት በኩል ያለውን መስኮት መዝጋት ይሻላል።

የጎረቤት ፊርማም አለ። «ተቃውሞ የለንም» የሚል አንድ መስመር ከሥሩ ሃያ ፊርማ ያለበት ወረቀት ዋጋው ትንሽ ነው፤ ተቃዋሚው በማግሥቱ ከዚያው ሠፈር ሃያ አምስት ፊርማ ይዞ ይመጣል፣ ግማሾቹ ሁለቱም ላይ የፈረሙ ይሆናሉ። ወረቀቱ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ማሽኑ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚተከል ይግለጽ፤ ፈራሚው የቤት ቁጥሩንና ቀኑን ይጻፍ። ግድግዳ የሚጋሩት ሦስት ቤቶች ፊርማ ከሠፈሩ ጥግ ከመጣ ሠላሳ ፊርማ ይበልጣል።

በዋና መንገድ ዳር ከዚህ ፎቅ በታች አይፈቀድም የሚለው ክልከላም በዚሁ ዓይነት ውስጥ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ገንዘቡ የማይበቃ ሰው «አቅም የለኝም» ብሎ ይግባኝ ይላል፤ አቅም ማጣት ለፕላን መልስ አይሆንም። የሚያስኬደው በደረጃ ለመገንባት መጠየቅ ነው፦ ዲዛይኑ ሙሉውን ፎቅ ይዞ ይቀርባል፣ መሠረቱና ኮለኑ ለሙሉው ይሰላል፣ መጀመሪያ ግን እስከ አንደኛ ፎቅ ይሠራል። ርካሽ መንገድ እንዳይመስላችሁ፤ መሠረቱ የሙሉ ሕንፃ ወጪ ነው። ከላይ ቆሞ የሚቀረው ብረትም በጎጃም ክረምት ዓመታት ሲቀመጥ ይዝጋልና በሲሚንቶ ተቀብቶ ተሸፍኖ መቆየት አለበት። የጊዜ ሰሌዳውን በሐቅ አስቀምጡ።

ባለጉዳይ የሚስተው ሌላው ነገር፣ አንዳንድ ክልከላ የከተማው አለመሆኑ ነው። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው አስፋልት የፌዴራል መንገድ ነው፤ በእሱ ክልል ጉዳይ የከተማ ባለሙያ ብቻውን የሚወስነው የለም። የከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር፣ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ያለ የሕንፃ ከፍታ፣ የቅርስ አካባቢ፣ ሁሉም የየራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። ባሕር ዳር ላይ የጣና ዳርቻም ይጨመራል፤ አካባቢው በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧልና ውኃ ዳር ያለ ቦታ ላይ ከሌላው የጠበቀ ጥያቄ ይነሣል። ውድቅ ያደረጋችሁ የሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከሆነ፣ ያንን ደብዳቤ ሳታስነሡ ከንቲባውን ብትለምኑ እሱም የሚሰጣችሁ ሸኚ ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ላይ ብዙ አልቆይም። ፕላኑ ቦታውን በግልጽ ለትምህርት ቤት ወይም ለመናፈሻ መድቦ እናንተ ሆቴል ከጠየቃችሁ፣ ይግባኝ ሰሚው ልቡ ቢራራም እጁ የታሰረ ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የከተማ መዋቅራዊ ፕላን ዘመኑ 10 ዓመት ነው። የእናንተ ከተማ ፕላን መቼ እንደጸደቀ ካወቃችሁ፣ ማሻሻያው የሚጀመርበትንም መገመት ትችላላችሁ፤ ፕላን ሲዘጋጅ የሕዝብ ውይይት ይደረጋል። የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የሚለጠፈው ያ ትልቅ ባለ ቀለም ወረቀት አሰልቺ ቢመስልም፣ በዚያ ዕለት ተነሥቶ «ይህ ብሎክ ለምን አረንጓዴ ሆነ?» ብሎ ጠይቆ ቃለ ጉባኤ ላይ ማስያዝ ከዓመታት በኋላ ከሚጻፍ አሥር ይግባኝ ይበልጣል። ብቻችሁን ከመጠየቅ የብሎኩ ባለይዞታዎች አንድ ላይ ብትጠይቁም ይሻላል፤ ፕላን ለአንድ ቤት አይቀየርም፣ ለአንድ ብሎክ ግን ሊታይ ይችላል።

ይግባኙ የሚወጣበት መሰላል ከከተማ ከተማ ስሙ ይለያያል፤ ክፍለ ከተማ ያለውና የሌለው ከተማም አንድ አይደለም። በጥቅሉ መጀመሪያ ውሳኔውን ለሰጠው ክፍል ኃላፊ ቅሬታ፣ ከዚያ የከተማው ቅሬታ ሰሚና ከንቲባ፣ ከዚያ የዞን ወይም የክልል ከተማና መሠረተ ልማት ነው። ግንባታን በሚመለከት 624/2001 በሕንፃ ሹሙ ውሳኔ ላይ የሚቀርብ ቅሬታን የሚያይ ቦርድ እንዲኖር ስለሚያዝ፣ በከተማችሁ ቦርዱ የት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ጠይቁ። በደብዳቤያችሁ ላይ የተጠቀሰው አዋጅ ተሽሮ ወይም ተሻሽሎ ከሆነም ነጋሪት ጋዜጣውን አይታችሁ በሥራ ላይ ያለውን ጥቀሱ። አንድ ሳትዘሉ ውጡ፤ ዘላችሁ ክልል ብትሄዱ የሚጻፍላችሁ «ጉዳዩ በከተማው ታይቶ ምላሽ ይሰጥበት» የሚል መምሪያ ነው።

ኢንተርኔት ላይ አይተው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን የሚጠቅሱ አቤቱታዎችም አሉ። ጥሩ አዋጅ ነው፤ ግን የሚገዛው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችንና አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው። የእንጅባራ ከተማ አስተዳደርን በእሱ ብትከሱ ለተከራካሪው የመጀመሪያውን ነጥብ በነፃ ታስረክቡለታላችሁ።

የእንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። አስተዳደራዊ በደልን ይመረምራል፤ የሚሰጠው ግን የመፍትሔ ሐሳብ ነው፣ እንደ ፍርድ በአፈጻጸም መዝገብ አይሄድም። በሦስት ወር ደብዳቤ ያልተመለሰለትን ሰው በጣም ይጠቅማል፤ የፕላን ቴክኒክ ክርክር ላለበት ብዙም አይደለም። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ከተማው የሚያነሣው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ «ፍርድ ቤቱ የማየት ሥልጣን የለውም፣ አስተዳደራዊውን መንገድ አልጨረሱም» የሚል መሆኑን ጠብቁ፤ ማኅተም ያለባቸው ቅጂዎች ያኔ ነው ጥቅማቸው የሚታየው። ዳኛውን «ፈቃድ ይሰጠኝ» ብሎ ከመጠየቅ፣ ውሳኔው ተሽሮ በተገለጸው መረጃ መሠረት እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቀላል፤ ዳኛ ራሱ የሕንፃ ሹም መሆን አይፈልግም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ብሎኬት እንዳትደርቡ። «ይግባኝ ላይ ነኝ» የሚለው ቃል ፈቃድ አይሆንም፤ ያለ ፈቃድ የተጀመረ ግንባታ የማስቆምና የማፍረስ ትእዛዝ ያመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ስለ ፕላን መሆኑ ቀርቶ ስለ ሕገ ወጥ ግንባታ ይሆናል። አጥር እንኳ ቢሆን። በዚያው ጊዜ የቦታ ኪራዩን፣ የቤት ግብሩን፣ የሊዝ ክፍያውን አታሳልፉ፤ ይግባኙ ተሳክቶ ፋይሉ ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ የዘመኑ ደረሰኝ ነው። ለተወካይ የሰጣችሁት ውክልናም «ጉዳዬን ይከታተልልኝ» ከሚል ይልቅ ይግባኝ የማቅረብ፣ ውሳኔ የመቀበልና የመፈረም ሥልጣኑን በስም የሚጠራ ይሁን።

ተሳክቶ «ተፈቅዷል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣም ግልባጩ ለማን ለማን እንደሆነ እዩ። የውድቁን ውሳኔ የሻረው አካል ጽፎላችሁ፣ ፈቃድ ሰጪው ክፍልና የይዞታ ፋይላችሁ ያለበት መዝገብ ቤት ግልባጭ ካልደረሳቸው፣ ባለሙያው የድሮውን የውድቅ ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥቶ እንደገና ይመልሳችኋል። ቅጂውን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱና ገቢ አስደርጉት፤ በይዞታ ፋይሉ ውስጥ ከውድቁ ደብዳቤ በላይ መታሰሩን ዓይናችሁ እያየ።